የወጥ ቤቱ ብር

ቁልፉን በተረከብን ማግስት ባለቤቴ በሩን መክፈት አቃተው። ቁልፉ ይገባል፣ ይዞራል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በትከሻው ገፋው፣ በእግሩ መታው፣ መጨረሻ ላይ ጀርባውን ሰጥቶት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ኪራይ ቤት ብንሆን ኖሮ አከራዩን ጠርተን "በሩ አልከፈት አለ" እንል ነበር፤ እሱም እያጉረመረመ ሰው ያመጣ ነበር። አሁን የምንጠራው ሰው የለም። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና "እንግዲህ አከራዮቹ እኛ ነን" አለኝ። ሳቅን። ስለዚያ ቤት ጥገና አውርተን የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የወጣው በእኔ ስም ነበር። ቃሊቲ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ወደ ቂሊንጦ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልስ ሰርቪስ ይነዳል። እሱ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ እኔ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይነጋል። ከተጋባን ጀምሮ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ዕቃ ስንጭን ነው የኖርነው። ቤት ወጣላችሁ ስንባል ያለቀስኩት ለቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ዕቃ መጫን ቀረልኝ ብዬ ነው።

የተረከብነው ግን ቤት ለመባል ገና ብዙ የሚቀረው ነገር ነበር። ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተቀባ፣ መስኮቶቹ ግማሾቹ መስታወት የሌላቸው። የመብራት ገመዶቹ ከግድግዳው ወጥተው ተንጠልጥለዋል። ወጥ ቤት የተባለችው ጠባብ ክፍል ያላት ነገር ከግድግዳ ብቅ ያለ አንድ የቧንቧ አፍ ብቻ ነው። የእቁባችንን ብር አስቀድመን ለምነን ወሰድን፣ ከቁጠባው የተረፈችንን ጨመርንበት፣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን ከፋፈልነው። ይሄ ለበርና ለመስኮት፣ ለመብራትም። ይሄ ለመታጠቢያ ቤቱ። ይሄ ለወጥ ቤቱ። የወጥ ቤቱን ድርሻ አጥብቄ ያስለየሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱ ወገቤ ነው። በኪራይ ኑሮዬ ሁሉ ዕቃ ያጠብኩት ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧ ሥር፣ ሳፋ ላይ አጎንብሼ ነው፤ ክረምትም በጋም። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ እጥፍጥፍ እላለሁ። የራሴ ቤት ሲኖረኝ ቆሜ ዕቃ የማጥብበት ሲንክ አስገጥማለሁ፣ ከጎኑ ዕቃ የምደረድርበት እብነ በረድ፣ ከሥሩ ቁም ሳጥን ይኖረዋል እያልኩ ስንት ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። ባለቤቴም ያውቀዋል። "ያንቺ ነው፣ አይነካም" አለኝ።

የመጀመሪያው ድርሻ በሩና መስኮቱ ጋ አለቀ። የመስታወቱን ዋጋ ሰኞ ጠይቀን ቅዳሜ ብር ይዘን ስንሄድ ሌላ ዋጋ ጠበቀን። ኤሌክትሪሺያኑ "ግማሽ ቀን ነው" ያለው ሥራ ሳምንት ፈጀ፤ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ቦታ ገመዱ ተቆርጧል፣ የት እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳውን መፈልፈል አለበት፣ የተፈለፈለውን ደግሞ የሚደፍነው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ድርሻ መታጠቢያ ቤቱን ከታች እስከ ላይ ሴራሚክ አለበሰ። እዚያ ላይ ከወጥ ቤቱ ብር "ለጊዜው" እያልን መቆንጠር ጀመርን። ለጊዜው ብለን የወሰድነው አንዱም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ያም ሆኖ ሲንክ የሚገዛና የሚያስገጥም ተርፎ ነበር። ጣሪያውን ጀሶ አስለሰንነው፣ ነጭ አስቀባነው፣ ገባን።

ቀለሙ ሽታው ሳይለቅ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ጥግ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ነገር አየሁ። መጀመሪያ የመዳፍ ያህል ነበር። ከዚያ ሰፋ። ከዚያ አበጠ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀሶው ተገምሶ ምድጃው ላይ ወድቋል፤ ከተገመሰው ቦታ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴና እኔ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ከእኛ በላይ ያለው የመጨረሻው ፎቅ ነው። በሩን የከፈቱልን ቀጭን፣ ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ፣ ከትከሻቸው ላይ ጋቢ። ደረጃ ላይ ሰላም እንባባል ነበር እንጂ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም።

"አባባ፣ ይቅርታ፣ በጠዋት መጣንብዎት" አልኩ።

"ጎረቤቶቼ አይደላችሁ እንዴ! ግቡ፣ ግቡ።"

ቤታቸው እኛ እንደተረከብነው ነበር የቀረው፤ ሲሚንቶው ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያው። አንድ አልጋ፣ አንድ የስግደት ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ትንሽ ሬዲዮ። ቤቱ የልጃቸው መሆኑን ያኔ ነገሩን። ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ወሎ ሳሉ ሚስታቸው ሲሞቱባቸው "ብቻዎን አይሆኑም" ብሎ አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ እሱ ራሱ ግን በወር አንዴም ላይመጣ ይችላል። ይሄን ሲነግሩን ቅሬታ አልነበረባቸውም። እኛ የመጣንበትን ጉዳይ ባለቤቴ በቀስታ አስረዳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው "እስቲ ልየው" ብለው ተከትለውን ወረዱ። ወጥ ቤታችን ገብተው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። እጃቸውን ዘረጉና አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ተቀበሉ።

"ይሄ የእኔ ውሃ ነው?" አሉ።

"ሳይሆን አይቀርም፣ አባባ" አለ ባለቤቴ።

መዳፋቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። "አይ ልጄ…" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "ምግብሽ ላይ?" ወጥተው ሄዱ።

ቧንቧ ሠራተኛውን ያገኘልን ግራውንዱ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የስልጤ ሰው ነው፣ የብሎኩ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥም እሱ ነው፤ ከስኳር ጀምሮ እስከ ሠራተኛ ማፈላለግ ሁሉም ነገር እሱ ጋ ነው የሚጠየቀው። ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፣ ጣሪያውን በጣቱ ኮረኮረው።

"ውሃው መቼ ነው የሚወርደው?" አለኝ።

"ውሃ የሚመጣ ቀን ይብሳል።"

እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን ብሎኩ ሁሉ በርሜልና ጀሪካን ይሞላል፣ ልብስ ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል።

"አለቀ" አለ። "ውሃ ሲመጣ ሰው ያፈሳል። የላይኛው መታጠቢያ ቤት ሲፎን፣ የወለሉ ውሃ መውረጃ ማለት ነው፣ ዙሪያው አልተደፈነም። የላይኛውን ወለል ሰብሮ ሲፎኑን መቀየር፣ ውሃ የማያሳልፍ ነገር መቀባት፣ መልሶ መሥራት ነው።" ዋጋውን ነገረን። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ የሲንኩ ብር ነው፣ እንደውም ትንሽ ይጎድላል።

ሽማግሌው "ልጄ ሲመጣ ይከፍላል፣ እዳው የእኛ ነው" አሉ። ልጃቸው ግን መንገድ ላይ ነው። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ወደብ ላይ ወረፋ ይዟል ይባላል፣ መኪናው ተበላሽቷል ይባላል። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት። ጣሪያዬ ላይ ያለው ቀዳዳ የኮንክሪቱ ፌሮ ብረት እስኪታይ ድረስ ጠለቀ።

ከባለቤቴ ጋር በዚያ ሰሞን የምንነጋገረው ይሄንኑ ነበር። እሱ ከሰርቪስ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ እኔ ደብተር ሳርም ቆይቼ፣ አንዳችን ሳንፈልግ እንጀምረዋለን።

"ልጁን እንጠብቅ" ይላል።

"ጣሪያው እስኪወድቅ?"

"ታዲያ ያንቺን የወጥ ቤት ብር ለሰው ሽንት ቤት ላድርገው?"

"እኔ አድርገው አልኩህ?"

"እሺ ምን እያልሽኝ ነው?"

ምን እያልኩት እንደሆነ እኔም አላውቅም። የደከመ ሰው ክርክር እንዲህ ነው፤ ማንም አያሸንፍበትም፣ ራት ብቻ ይቀዘቅዛል። ኪራይ ቤት ስንኖር የሚያጨቃጭቀን አከራይ ነበር፤ ሁለታችን በእሱ ላይ አንድ ነበርን። አሁን እርስ በርስ ቀረን። ከታክሲ ወርጄ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆም እል ነበር፤ ዕረፍት ፈልጌ ሳይሆን፣ በሩን ከፍቼ የጠብታውን ድምፅ የምሰማበትን ጊዜ ትንሽ ለማዘግየት።

ሽማግሌውን ደረጃ ላይ የማገኛቸው በዚያ ወቅት በጣም በዛ። ጠዋት ስወጣ ሲወርዱ፣ ከሰዓት ስገባ ሲወጡ። አንድ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ ይዟል፣ በሌላው የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለዋል። መስጊድ ነው የሚሄዱት ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የእኛ በር አጠገብ ቆመው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ጉልበት ነው፤ ሌላ ምንም የለብኝም።"

ነገሩን የነገረኝ ጥበቃው ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከገበያ የመጣ ሽንኩርት ይዤ ስገባ በዱላው ወደ ውሃ ታንከሩ አመለከተኝ። ታንከሩ ከጥበቃዎቹ ቤት ጎን ነው። ሽማግሌው እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን እየታጠቡ ነው።

"ቲቸር፣ ምንድን ነው ነገሩ?" አለኝ። "ልጃቸው ውሃ ቆረጠባቸው እንዴ? ለየስግደቱ እዚህ ወርደው ነው የሚታጠቡት። መጸዳጃም የእኛን ነው የሚጠቀሙት። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ግን ለአንድ አዛውንት አራት ፎቅ…"

ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጥያቄ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ "ይሄ የእኔ ውሃ ነው?" ያሉበት ድምፅ መጣብኝ። ማንም ውረዱ አላላቸውም። ማንም መታጠቢያ ቤትዎን አይጠቀሙ አላላቸውም። ራሳቸው ናቸው የወሰኑት፣ ለማንምም ሳይናገሩ።

ታጥበው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸውና አብሬያቸው ወጣሁ። ማንቆርቆሪያውን ልያዝልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። በየፎቁ ትንሽ እየቆምን ወጣን። የእኛ በር ጋ ስንደርስ ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎ ይታጠቡ። እኛ ከታች ዕቃ አድርገንበታል፣ ምንም አይለንም።"

"ምድጃሽ ላይ ነው የሚወርደው፣ አይቼዋለሁ።"

"ምድጃውን አዛውሬዋለሁ።" እውነት ነበር፤ ሳሎን አውጥቼዋለሁ።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ እኔ የምታጠበው ለአላህ ልቆም ነው። የታጠብኩበት ቆሻሻ ውሃ በሰው ምግብ ላይ እየተንጠባጠበ ብቆም ምን ስግደት ይሆንልኛል? እንቅልፍም አይወስደኝ። ደረጃው ይሻለኛል።"

"ጉልበትዎስ?"

"ጉልበቱማ ያው ያረጀ ነው። አብሽሪ፣ ልጁ ሲመጣ ያልቃል።"

ባለቤቴ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። ራት አቅርቤ ነበር፤ እጁን ሳይታጠብ ቁጭ አለ። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ።

"ከነገርናቸው ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።"

ቀኑን ሙሉ መሪ የጨበጠበትን እጁን ፊቱ ላይ አሻሸው። "ቅዳሜ ቧንቧ ሠራተኛውን ጥሪው" አለ። "ብሩን እንስጠው፣ ይገላግለን።" የወጥ ቤቱ ብር ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም ስሙን አልጠራውም። ሌላ ብር አልነበረንም። ያን ማታ አልተጨቃጨቅንም። ከመስማማት ይልቅ የሰለቸን ይመስለኛል፤ ግን ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነበር። ጠዋት ብሎኩ በሙሉ በርሜል ይሞላል፣ ደረጃው ረጥቧል። ቧንቧ ሠራተኛው መዶሻና መሮውን ይዞ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ፣ እኔ ተከተልኩት። ባለቤቴ ከታች ወጥ ቤታችን ውስጥ ሆኖ እንዲጠብቅ ተባለ። ሽማግሌው የመታጠቢያ ቤታቸውን በር ከፍተው ወደ ጎን ቆሙ።

ወለሉ አቧራ ነበር። ደረቅ፣ ነጭ አቧራ። ሲፎኑ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ጎንበስ አለ፣ በጣቱ ነካው፣ ቀና አለ። "አባባ፣ እዚህ አይታጠቡም እንዴ?"

"የለም። ከነገሩኝ ጀምሮ ጠብታ አላፈሰስኩበትም።"

"ልብስስ? ዕቃስ?"

"ሁሉንም ታች ነው።"

ሰውዬው መዶሻውን እንዳንጠለጠለ ሲፎኑን እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ። በዚህ መሐል ከታች የባለቤቴ ድምፅ በመስኮት መጣ፦ "ኧረ እየወረደ ነው! ዛሬ ደግሞ ባሰበት! ጀመራችሁ እንዴ?"

ሦስታችንም የደረቀውን ወለል አየን።

"ታዲያ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ለማንም ሳይሆን። መዶሻውን መሬት አስቀመጠና ደረጃውን ሮጦ ወረደ። ሽማግሌው አጠገባቸው የነበረ ጀሪካን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እንግዲያው የእኔ አይደለም?" አሉኝ።

"አይደለም መሰለኝ፣ አባባ።"

ሳቁ። የሚያስቅ ነገር ስለነበረ አይመስለኝም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ያ ሁሉ ደረጃ!" አሉ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔም ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሳቸው ተነስተው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽሪ እንጂ፣ ወለሉም ሳይሰበር ቀረ አይደል" አሉኝ።

ቧንቧ ሠራተኛው ከታች ወደ ፎቁ የሚወጣውን የዋናውን መስመር መክፈቻ ዘጋው። የእኛ ጣሪያ ጠብታው ቀነሰ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ብሎኩ ውስጥ ከየፎቁ "ውሃ ሄደ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። መልሶ ሲከፍተው ጠብታው ተመለሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ፤ ለሁሉም ፎቅ ውሃ ይዞ የሚወጣው የጋራ ቧንቧ ከእኛ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት መሐል ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ከጣሪያችን ጋ ያለው መጋጠሚያ ተሰንጥቋል። ውሃ በመጣ ቁጥር ግፊቱ ያወጣዋል። ማንም ቢታጠብ፣ ማንም ባይታጠብ።

"እሱን ለማግኘት የቱ ነው የሚሰበረው?" አልኩት፣ መልሱን እያወቅኩ።

የመታጠቢያ ቤታችንን ግድግዳ አየ። አዲሱን ሴራሚክ።

የጋራ ከሆነ ወጪውም የጋራ ነው ብለን ወደ ኮሚቴው ሄድን። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን "ካዝናው ውስጥ ያለው ለጥበቃ ደመወዝና ለደረጃ መብራት ነው፣ ሰብስቤ ላስወስን" አለን። እሑድ ከሱቁ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ። እኔ አስረዳሁ፣ ባለቤቴም አስረዳ። ሰዎቹ ደከማቸው፣ ፀሐዩም ነበር።

"እኔ ጋ ምንም አይንጠባጠብም" አለ አንዱ።

"እኛም ገና ወለል አልሠራንም" አለች ሌላዋ። "የራሳችን ጥገና መቼ አለቀና ነው?"

ልፈርድባቸው አልቻልኩም። እዚያ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንደኛው ነው፤ ብሩን ለመስኮት፣ ለመብራት፣ ለሽንት ቤት ብሎ ከፋፍሎ፣ አንዱ ድርሻ ሌላውን እየበላበት የተቀመጠ። ከእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ሊበተኑ ሲነሱ ሽማግሌው ከኋላ ተነሱ። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም።

"እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ" አሉ። "እኔ ቤት ውሃ የሚደርሰው በዚህች ልጅ ግድግዳ ውስጥ አልፎ ነው። የእኔ ጥፋት መስሎኝ ስንት ሰሞን እዚህ ታንከር ሥር ስታጠብ ያያችሁኝ ታውቃላችሁ። የእኔ አልሆነም። የእሷም አይደለም። ከሁላችን የማን ቤት ውስጥ ነገ እንደሚሰነጠቅ ማን ያውቃል? እኔ የድርሻዬን አሁን እሰጣለሁ።" ከጋቢያቸው ሥር ብር አወጡና የባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

ሲታጠቡ ያላያቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጥቶት ነበር ያለፋቸው፤ አንዱ ልጃቸው ይበድላቸዋል ብሎ፣ ሌላው የሽማግሌ አመል ነው ብሎ፣ እኔም መስጊድ የሚሄዱ መስሎኝ። አንድ ሁለት ሰው መሬት መሬቱን አየ። ባለሱቁ "የቧንቧውንና የሠራተኛውን ሁላችንም እናዋጣለን፤ የሴራሚኩንና የጀሶውን ግን ባለቤቶቹ ይቻሉት" ብሎ ዘጋው። ማንም አልተቃወመም። እኛም አመሰገንን። ሌላ ምን እንላለን።

ግድግዳውን ሲሰብሩት አላየሁም፤ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ክፍልፋይ እያስተማርኩ። ስመለስ ቧንቧው ተቀይሯል፣ ጣሪያው ደርቋል፣ የመታጠቢያ ቤታችን ግማሽ ግድግዳ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። ተመሳሳዩን ሴራሚክ ፍለጋ አቃቂ ወርደን፣ ሳሪስ ሄድን። "ያ ዲዛይን ቀርቷል" አሉን በየሱቁ። የሚቀርበውን ገዛን። የድሮው ነጭ ነው፣ የአሁኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ጀሶ ለሳኙ መጣ፣ ቀለም ቀቢው መጣ። የወጥ ቤቱ ብር በዚህ አለቀ። ባለቤቴ የመጨረሻውን ከፍሎ ሲመጣ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝና "ንጹሕ ነው" አለኝ። ለቀልድ ነበር ያሰበው፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም።

የሽማግሌው ልጅ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። መንገድ ያንገላታው፣ ትልቅ ትከሻ ያለው ሰው ነው። በራችንን አንኳኳ፤ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር።

"አባቴን ከአራተኛ ፎቅ ስታወርዱ ከረማችሁ አሉኝ" አለ።

ባለቤቴ ከሥራ መምጣቱ ነበር፣ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ከላይ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። ቀስ እያሉ፣ ብረቱን ይዘው እየወረዱ ነው።

"ማንም አላወረደኝም። እኔ ነኝ የወረድኩት። እነሱ እኮ ለእኔ ወለል የራሳቸውን ብር ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ይቅርታ በላቸው።"

ሰውዬው አባቱ ደረጃውን ሲወርዱ አየ። አንዱን እግር ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ያመጣሉ፣ ይቆማሉ። ፊቱ ተለወጠ። ይቅርታ አለን፤ ሻይ ካልጠጣህ ብለን አስገባነው። ተቀምጦ ብርጭቆውን ሳይነካው "እኔ ቤት ስገዛ ፎቁን አላሰብኩትም ነበር" አለ። "ቤት መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት።" ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ሾፌሮች ከዚያ በኋላ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያወሩ አመሹ።

ሽማግሌው ጉልበታቸው አልተሻላቸውም። ልጃቸው ኮምቦልቻ ያለችው እህቱ ጋ ሊወስዳቸው ወሰነ፤ ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ ግቢ አለው፣ መስጊዱም ቅርብ ነው። ሊሰናበቱኝ የመጡ ዕለት ወጥ ቤቴን ገብተው ጣሪያውን አዩ። ሥራው የት ላይ እንደተጋጠመ እስከ አሁን ይታያል።

"ደረቀ?" አሉ።

"ደርቋል፣ አባባ።"

"ያንን ዕቃ ማጠቢያ ግን አላስገባሽም።" ባለቤቴ ነግሯቸው ኖሯል።

"ቀስ ብሎ ይገባል።"

"አላህ ያግራልሽ" አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ልጃቸው ግራውንድ ድረስ በጀርባው አዝሏቸው ወረደ። እሳቸው "ኧረ ተወኝ፣ እሄዳለሁ" እያሉ፣ ቆባቸውን በአንድ እጅ ይዘው።

ቤቱ ተከራየ። አሁን አራተኛ ፎቅ ያሉት ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠሩ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ፈረቃቸው ስለሚለያይ ከላይ ሁሌም አንዷ ትራመዳለች። እኔ ደግሞ እቁብ እንደገና ገብቻለሁ። ወረፋዬ ሩቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ሳፋውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው የማጥበው፤ ትንሽ ከፍ ስለሚል ወገቤ ብዙም አይጮህም። ባለፈው ሰሞን የዝናቡ ንፋስ በመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ውሃ ማስገባት ጀምሯል። ባለቤቴ አየው፣ እኔም አየሁት። ማናችንም እስከ ዛሬ አላነሳነውም።